ካናዳ ታክሱን ስላነሳች ሙቀቱ ውሸት ሆነ ወይ? ከጎንደር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን የላኩልኝ በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ካልጋሪ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ‹ካናዳ የካርቦን ታክስን ሰርዛለች፤ የምድር መሞቅ እውነት ቢሆን ኖሮ ባልሰረዘችው ነበር› ይለኛል። በሬዲዮ የምሰማቸው ደግሞ ምድር ነገ የምትጠፋ ያስመስላሉ። ተማሪዎቼም በዚሁ ጉዳይ ተከራክረው መስማማት አልቻሉም። ለመሆኑ ነገሩ የተባለውን ያህል ከባድ ነው? እንዲህ ያለ ታክስ ወደ እኛ ቢመጣስ፣ ሌላው ዓለም ላጨሰው የጎንደር ባጃጅ ነጂ ሊከፍል ነው ማለት አይደለም?»

መምህር፣ ይህ ክርክር መቋጫ የሚያጣው በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀው ስለሚቀርቡ ይመስለኛል። ምድር እየሞቀች ነው ወይ፣ የሚያሞቃትስ የሰው ሥራ ነው ወይ የሚለው በመለኪያ የሚፈታ ነው። ሙቀቱ ምን ያህል ይጎዳናል የሚለው ከመለኪያ በተጨማሪ ግምት ይፈልጋል። ታክስ ይጣል ወይ፣ ማንስ ይክፈል የሚለው ደግሞ ፍርድ የሚጠይቅ፣ ቅን ሰዎችም ሊለያዩበት የሚችሉ ጉዳይ ነው። ወንድምዎ የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ ይዘው የመጀመሪያውን ውድቅ አደረጉ፤ የመሬት ግብር ቢነሳ መሬቱ ከቦታው እንደማይጠፋ ሁሉ፣ የካርቦን ታክስ፣ ማለትም ነዳጅ ሲቃጠል በሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ የሚጣለው ግብር መነሳትም ስለ አየሩ የሚነግረን ነገር የለም።

ከመለኪያው ልጀምር፤ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን ይዞ የሚያስቀር ጋዝ መሆኑ የዘመናችን ፖለቲከኞች የፈጠሩት ወሬ አይደለም። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856 ጋዙን በመስታወት ዕቃ ሞልታ ፀሐይ ላይ በማስቀመጥ ከተራ አየር የበለጠ እንደሚሞቅ አሳይታለች። ከእሷ በኋላ አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል ከ1859 ጀምሮ በቤተ ሙከራ መሣሪያ ነገሩን በጥንቃቄ ለካው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ደግሞ የጋዙ መጠን በእጥፍ ቢጨምር የምድር ሙቀት በስንት ዲግሪ እንደሚያድግ በእጁ አስልቶ ያሳተመው በ1896፣ ማለትም አባቶቻችን ዐድዋ ላይ በተዋጉበት ዓመት ነው። የእሱ ውጤት ዛሬ ከሚታመነው ከፍ ያለ ቢሆንም የስሌቱ መሠረት አልተናጋም። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር በአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል፤ በዋልታ በረዶ ውስጥ ታሽጎ ከኖረው አየር እንደታወቀው ከፋብሪካ ዘመን በፊት ደግሞ 280 ገደማ ነበር። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ካርቦን የራሱ የአይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የካርቦን አተሞች) ምልክት ስላለው ጭማሪው ከየት እንደመጣም ይታወቃል። በ1988 የተቋቋመው በይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ባወጣው ዘገባ የሰው ልጅ ምድርን ማሞቁ የማያሻማ መሆኑን ገልጾ፣ ከ2011 እስከ 2020 የነበረው አማካይ ሙቀት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በ1.1 ዲግሪ እንደሚበልጥ አስፍሯል። በዚህ ነጥብ ላይ በሙያው ሰዎች መካከል ሁለት ጎራ የለም፤ በሬዲዮም ሆነ በክፍል ውስጥ ሁለት እኩል ወገኖች እንዳሉ ተደርጎ መቅረቡን እንደ ስሕተት እቆጥረዋለሁ።

ወደ ከባድነቱ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። «ጎንደር ላይ ከንጋት እስከ ቀትር ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ይለዋወጣል፤ አንድ ዲግሪ ምን ታመጣለች?» የሚል ጥያቄ ከተማሪዎቼ ዘወትር ይቀርብልኛል። ለዚህ ጥያቄ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን በስም ለይተን የምንኖር ሰዎች ከማንም የተሻለ መልስ አለን። ተራራ ሲወጡ አየሩ በየ100 ሜትሩ በአማካይ በ0.65 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ የአንድ ዲግሪ ሙቀት አንድን ቀበሌ 150 ሜትር ያህል ወደ ቆላ እንደማውረድ ይቆጠራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,130 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣና ሐይቅ ደግሞ 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሁለት ዲግሪ ሲጨመር ጎንደር በሙቀት ረገድ በጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ልትደርስ ጥቂት ይቀራታል ማለት ነው። ይህን ያህል ርቀት በእግሩ ወደ ደንቢያ ሜዳ የወረደ ሰው ሰብሉ፣ ዛፉ፣ የከብቱ ሁኔታና የሚያሰጋው በሽታ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል፤ ልዩነቱ ገበሬው ሳይንቀሳቀስ ቆላው ወደ እሱ መምጣቱ ነው።

ስለ በሽታው ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም እኛን ይበልጥ የሚነካን ይህ ነው። በ1958 ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የኢትዮጵያ ምድር የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል ሕይወት እንደቀጠፈ ይገመታል፤ በዚያ ዓመት ዝናቡም፣ ሙቀቱም፣ እርጥበቱም ከተለመደው የበለጠ ነበር። ይህን ወረርሽኝ የአየር ንብረት ለውጥ አመጣው ማለቴ አይደለም፤ ጊዜው ለዚያ ገና ነበር። የሚያስረዳን ነገር ቢኖር፣ ወባን ከእኛ ከፍታ በታች ይዞ የሚያቆየው አጥር በአብዛኛው ቅዝቃዜ መሆኑንና አጥሩ አንድ ዓመት ሲላላ እንኳን ምን እንደሚከተል ነው። በእንዲህ ያለ ከፍታ የሚኖር ሕዝብ በሽታውን የለመደ ስላልሆነ የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህም ሕፃኑም አዋቂውም እኩል ይወድቃል። «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት በ2014 የወጣ ጥናትም በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ የተሰበሰበ መረጃን መርምሮ፣ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ላይኛው ከፍታ እንደምትወጣ አሳይቷል። ከደባርቅ በላይ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ገብስ ወደ ላይ ሊሸሽ ይችላል፤ ዋልያና ጭላዳም ይሸሹ ይሆናል፤ ግን የሰሜን ተራሮች ራስ ደጀን ላይ በ4,550 ሜትር ያበቃሉ፤ ከዚያ በላይ መሸሻ የለም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ የሬዲዮዎቹን ሰዎች በተመለከተ ያለዎት ቅሬታ ተገቢ መሆኑንም መናገር ይኖርብኛል። በአካባቢያችን የሚደርሰውን ክፉ ነገር ሁሉ ለአየር ንብረት ለውጥ መስጠት የራሳችንን ጥፋት መሸፈኛ እየሆነ ነው። የጎንደር ሕዝብ ውኃ የሚጠብቅበትን የአንገረብ ግድብ ደለል የሞላው በዋናነት ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ዛፉ ተመንጥሮ፣ እርሻው እስከ ጫፍ ወጥቶ፣ አፈሩ ያለ እርከን ስለሚታጠብ ነው። ሙቀቱ ባይጨምርም ይህ መድረሱ አይቀርም ነበር። እምቦጭ በጣና ላይ ከ2011 ወዲህ የተስፋፋው ከእርሻና ከከተማ ወደ ሐይቁ የሚገባው ንጥረ ነገር ስለመገበው ነው፤ ሙቀት ቢያግዘው እንኳ ዋናው ተጠያቂ አይሆንም። የ2015ቱ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያዊያንን ለአስቸኳይ ዕርዳታ የዳረገው ኤል ኒኞ በተባለው፣ ከሰው ሥራ በፊትም በነበረው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መዋዠቅ ምክንያት ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ቶሎ ይወጣል የሚሉትን ገበሬዎች በአክብሮት እሰማለሁ፤ ሆኖም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ከዓመት ዓመት በእጅጉ ስለሚዋዥቅ፣ በመዝገቡ ውስጥ እንደ ሙቀቱ ወጥ የሆነ አቅጣጫ አይታይም፤ ወደፊት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል በሚለውም የስሌት ሞዴሎቹ አይስማሙም። ሙቀቱን በእርግጠኝነት፣ ዝናቡን በጥንቃቄ መናገር ይገባናል። ሁለቱን በአንድ ድምፅ የሚያውጅ ባለሙያ፣ የዝናቡ ትንበያ ሳይሰምር ሲቀር ስለ ሙቀቱ የተናገረውም አብሮ እንዳይታመን ያደርጋል።

በሊቃውንት መካከልም እውነተኛ ልዩነት አለ፤ ሊከበር የሚገባው ልዩነት መሆኑን ተማሪዎችዎ ቢያውቁት ደስ ይለኛል። አንደኛው የሳይንሱ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር በ3 ዲግሪ ገደማ እንደምትሞቅ ቢገመትም፣ ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚታሰበው ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከታች ያለው ቁጥር የሚያስቸግር፣ ከላይ ያለው ደግሞ እጅግ የሚያስፈራ ነው። ሁለተኛው የምጣኔ ሀብት ሰዎች ክርክር ነው። እንግሊዛዊው ኒኮላስ ስተርን በ2006 ለአገራቸው መንግሥት ባቀረቡት ጥናት ፈጣንና ጠንካራ እርምጃ እንዲወሰድ ሲመክሩ፣ በ2018 የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊው ዊሊያም ኖርድሃውስ ግን ታክሱ ዝቅ ብሎ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲያድግ ይሞግቱ ነበር። ሁለቱም ሙቀቱን ያምናሉ፤ ሁለቱም ታክሱን ይደግፋሉ። ያለያያቸው በዋናነት የነገን ጉዳት በዛሬ ብር የሚመነዝሩበት ተመን ነው። ከ100 ዓመት በኋላ የሚደርስ የአንድ ሚሊዮን ብር ጉዳት በዓመት በ1.4 በመቶ ሲቀነስ ዛሬ 250,000 ብር ገደማ ይመዝናል፤ በ4.5 በመቶ ሲቀነስ ግን ከ12,000 ብር ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያው ለስተርን ተመን የቀረበ ነው፤ ሁለተኛው በገበያ ወለድ ላይ ለሚመሠረተው ለኖርድሃውስ አካሄድ የሚቀርብ ነው። ገና ያልተወለደ የልጅ ልጅ ከእኛ ጋር እኩል ይቆጠር ወይ የሚለውን ቴርሞሜትር አይመልሰውም። እኔ በበኩሌ ወደ ስተርን አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴም ጉዳቱ የሚያርፈው በአብዛኛው ካሣ በማይደርሳቸው ሰዎች ላይ መሆኑ ነው።

ወደ ታክሱ ልሻገር። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው አርተር ፒጉ ነው፤ በ1920 እንዳስረዳው አንድ ሰው ሥራው በሌላው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የማይከፍል ከሆነ ያንን ሥራ ከሚገባው በላይ ይሠራል። ስለዚህ የጉዳቱ ዋጋ በዕቃው ዋጋ ላይ ይታከል፤ ከዚያም መንግሥት ሳያዝዝ እያንዳንዱ ሰው የት መቀነስ እንደሚቀልለው ራሱ ያገኘዋል። ፊንላንድ በ1990፣ ስዊድን በ1991 ጀመሩት፤ የስዊድን ታክስ ዛሬ ለአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ100 ዶላር በላይ ቢሆንም ምጣኔ ሀብቷ እያደገ ልቀቷ፣ ማለትም ወደ አየር የምትለቀው ጋዝ፣ ቀንሷል። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2008 በ10 የካናዳ ዶላር ጀምራ በ2012 30 አድርሳ፣ የተሰበሰበውን ሌሎች ግብሮችን በመቀነስ መለሰች፤ በእነዚያ ዓመታት የልቀቱ ቅናሽ ከ5 እስከ 15 በመቶ እንደሚሆን ተመራማሪዎች ገምተዋል። መሣሪያው ይሠራል፤ ተአምር ግን አይሠራም።

ታዲያ የወንድምዎ አገር ለምን ጣለችው? የፌዴራሉ ታክስ በ2019 ለአንድ ቶን በ20 የካናዳ ዶላር ተጀምሮ በ2024 80 ደረሰ፤ ይህም በሊትር ቤንዚን ላይ 17.6 ሳንቲም ያህል ማለት ነበር፤ በ2030ም 170 ዶላር እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ከገቢው 90 በመቶ ያህሉ በየሦስት ወሩ ለቤተሰቦች ይመለስ ስለነበረ፣ ካልጋሪ በምትገኝበት በአልበርታ ክፍለ ሀገር የሚኖሩት ወንድምዎም ገንዘቡ ሳይደርሳቸው አልቀረም። ሆኖም የሚከፈለው በየማደያው በዓይን እየታየ፣ የሚመለሰው ግን በጸጥታ በባንክ ሂሳብ እየገባ፣ በዚያ ላይ የኑሮ ውድነቱ በዚያው ሰዓት ስለመጣ፣ ሕዝቡ ወጪውን እንጂ ተመላሹን አላየም። በ2023 መገባደጃ መንግሥት የቤት ማሞቂያ ዘይትን ለሦስት ዓመት ከታክሱ ነፃ ሲያደርግ ተጠቃሚዎቹ በብዛት የምሥራቅ ጠረፍ ክፍለ ሀገራት ስለነበሩ፣ ቤታቸውን በተፈጥሮ ጋዝ የሚያሞቁት የአልበርታ ሰዎች «ሕጉ ለሁሉም እኩል አይደለም» ብለው ተቆጡ፤ ቁጣቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከ2025 ሚያዝያ ወር መጀመሪያ አንሥቶ ተራው ሸማች የሚከፍለው ቀርቷል። ትላልቅ ፋብሪካዎች የሚከፍሉት የካርቦን ዋጋ ግን አልተነሳም፤ ስለዚህ «ካናዳ ሰረዘችው» የሚለው ራሱ ግማሽ ዜና ነው። የፈረንሣዩም ታሪክ ይመሳሰላል። በ2018 መጨረሻ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው መንገድ የዘጉት ሰዎች ብዙዎቹ ባቡርና አውቶቡስ በማይደርስባቸው ከተሞች የሚኖሩ፣ ያለ ናፍጣ መኪና ሥራ መግባት የማይችሉ ነበሩ፤ የነዳጅ ታክሱ ጭማሪም ያኔ እንዲቆም ተደረገ። በሁለቱም አገሮች የወደቀው የክፍያው ፍትሐዊነት ነው እንጂ የአየሩ ሳይንስ አልነበረም።

አሁን ለባጃጅ ነጂው። አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት በአማካይ ከአንድ አምስተኛ ቶን ያነሰ ሲሆን፣ የአንድ ካናዳዊ ከ12 ቶን በላይ ነው። ስለዚህ «ሌላው ላጨሰው እኛ እንክፈል ወይ» የሚለው ጥያቄዎ ክብደት ያለው ነው፤ ምድርን ለማዳን በሚል የመከራከሪያ ነጥብ ብቻ በጎንደር ነዳጅ ላይ ታክስ መጣል ተገቢ ሆኖ አይታየኝም። በተጨማሪም የእኛ አብዛኛው ልቀት የሚመጣው ከከብት እርባታ፣ ከእርሻና ከደን ምንጠራ ነው፤ የኤሌክትሪክ ኃይላችንም በአመዛኙ ከውኃ ስለሚመነጭ የነዳጅ ታክስ ዋናውን ምንጭ አይነካውም።

የታክሱን ጉዳትም ማጋነን ግን አይገባም። ከመተማ ወደ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ያህል 50 ኩንታል ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ በ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ናፍጣ ይፈጃል ብለን እንያዝ። 40 ሊትር ያቃጥላል፤ ከአንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ በጉዞው 108 ኪሎ ግራም ይለቃል። ታክሱ በቶን 10 ዶላር ቢሆን ለጠቅላላው ጭነት አንድ ዶላር ከጥቂት ሳንቲም፣ ለኩንታል ደግሞ ወደ ሁለት ሳንቲም ይደርሳል። ነጋዴው ከዚህ በላይ ሊጨምር እንደሚችል አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ መጠኑ ከ2022 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ካየነው ጭማሪ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የነዳጅ ድጎማ የካርቦን ታክስ ግልባጭ ስለሆነ ድጎማውን ማንሳት በውጤቱ ታክስ የመጣል ያህል ነው፤ በዚያን ጊዜ ለሕዝብ ማመላለሻ ተለይቶ የተሰጠው ድጎማ መሠረታዊ ሐሳቡ ትክክል ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ከባጃጁ ይልቅ ማድቤቱ ነው። በነጭ ጋዝና በቡታ ጋዝ ላይ የሚጣል ማንኛውም ታክስ የከተማዋን እናቶች ወደ ከሰል ይመልሳቸዋል። ከሰል በጉምሩክ አያልፍም፤ በማደያ አይሸጥም፤ በአብዛኛው ታክስ አይከፈልበትም። ከቆላው ዛፍ እየተቆረጠ በጆንያ ይመጣል፤ የዛፉ ካርቦን ወደ አየር ይወጣል፤ የተራቆተው መሬትም ይታጠባል። በወረቀት ላይ ልቀትን ለመቀነስ የወጣ ታክስ በተግባር ደኑን ሊያስጨርስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሐሳብ አንድ ቀን ቢቀርብ፣ የማብሰያ ነዳጅ ከታክሱ ውጭ እንዲሆን፣ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለኤሌክትሪክ ምጣድና ለማይቆራረጥ መብራት እንዲውል በይፋ እስካልተጻፈ ድረስ እኔ እቃወመዋለሁ። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት ከ2026 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ላይ የካርቦን ክፍያ ስለሚጠይቅ፣ አገራችን እነዚህን ዕቃዎች ወደዚያ መላክ በጀመረች ጊዜ ክፍያው እዚያ ከሚቀር እዚህ ቢሰበሰብ የሚሻልበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል፤ ደቡብ አፍሪካ ከ2019 ጀምሮ የራሷን ታክስ ማስከፈሏ አሁን የሚጠቅማት በዚህ በኩል ነው።

ለተማሪዎችዎ ክርክር አንድ ነገር ላቅርብ። አገር አቀፉ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ2007 ባዘጋጀው ሰነድ የኢትዮጵያ አማካይ የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት ከ1951 ወዲህ በየ10 ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ገደማ እየጨመረ መምጣቱ ተመዝግቧል፤ የቀኑ ጭማሪ ከዚህ ያንሳል። ለኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በትምህርት ቤቱ ስም ደብዳቤ ጽፈው የጎንደር ጣቢያን ወርኃዊ ዝቅተኛ ሙቀትና ዝናብ ይጠይቁ። የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊቶች ተማሪዎቹ በስኩዌር ወረቀት ላይ በዓመት ቅደም ተከተል ያስቀምጧቸው፤ ከጎኑ ደግሞ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ይሳሉ። የመጀመሪያው መስመር ወዴት እንደሚሄድ፣ ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚዘልል በገዛ እጃቸው ከሳሉ በኋላ፣ ወንድምዎ በስልክ ቢገኙና ስለ ታክሱ ቢያከራክሯቸው፣ የትኛው ጥያቄ እንደተነሳ ለይተው ሊመልሱላቸው ይችላሉ።